ባዶውን ስለ መለስኩት የበረዶ ማሽን

ሚያዝያ 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገብረሥላሴ
የዊሎው ሂል መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ግልባጭ፦ ለእድሩ አባላት በሙሉ፣ እንዲሁም በሰፈራችን ሱቅ በር ላይ ለሚያነብ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የተሰጠኝን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በምስጋና ስለ መቀበል

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ የተከበሩት የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባላትም በያላችሁበት ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ ያንን የብርድ ወራት በሰላም አሳልፋችሁ፣ ጾሙን ፈታችሁ፣ ስለ በረዶ ማውራት ትታችሁ ስለ ሣር መቁረጥ ለምታወሩበት ወቅት ስለ በቃችሁ የተሰማኝን ደስታ እገልጻለሁ። እኔ አባል ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ አምሃ ገላው፣ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ የዓለምዘርፍም እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለች፤ ይህን መጥቀሴ በእድሩ መዝገብ ላይ ለጊዜው ምንም ዓይነት ለውጥ ማድረግ እንደማያስፈልግ ለማስታወቅ ነው።

መጋቢት 30 ቀን የጻፋችሁልኝ ማስጠንቀቂያ ክብ ማኅተሙ ሳይደበዝዝ ደርሶኛል። በውስጡ ሁለት ጥፋቶቼ ተዘርዝረዋል። አንደኛው፣ የእድሩን የበረዶ ማሽን የቤንዚን ታንኩን ባዶ አድርጌ በመመለስ የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ ዘጠኝ መጣሴ ነው። ሁለተኛው፣ ለለቅሶ ከተገዙት ተጣጣፊ ወንበሮች አንዱን «ከለቅሶ ውጭ ለሆነ ጉዳይ» ተጠቅሜ እግሩን ማጣመሜ ነው። ሁለቱንም አድርጌአለሁ፤ ክህደት የለብኝም። ጥፋተኛ ሰው ግን ጥፋቱን እንዴት እንደ ፈጸመ የማስረዳት ዕድል ቢሰጠው የዳኛው ክብር አይቀንስምና፣ ትዕግሥትዎን እየለመንኩ ነገሩን ከሥሩ እጀምራለሁ።

ይህን ማሽን የገዛነው ከሰባት ዓመት በፊት፣ በዚያ በየካቲቱ በረዶ ማግሥት እንደ ነበር ያስታውሳሉ። አገር ቤት እድር ድንኳንና ድስት እንደሚገዛ ሁሉ እኛም የአገሩን ችግር አይተን በረዶ እየጠረገ መንገድ የሚከፍት ማሽን ገዛን። ደንብ ሲወጣለትም እርስዎ ራስዎ ተነሥተው፣ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፣ እናቶቻችን አንድ ጭልፋ ሽሮ እንኳ ጣል ሳያደርጉበት የሰው ዕቃ አይሰጡም ነበር ብለው ተናገሩ። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔማ እጄ እስኪግል ነበር ያጨበጨብኩት። አንቀጽ ዘጠኝ የተወለደው ያን ዕለት ነው፦ «ማንኛውም አባል ማሽኑን ሲመልስ ታንኩን እስከ አፉ ሞልቶ ይመልሳል።»

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ንብረት አጠባበቃችሁ አመሰግናለሁ። የቤተ ክርስቲያን የገንዘብ ሣጥን ሦስት ሰው ሦስት ቁልፍ ይዞ ካልተገናኘ እንደማይከፈት ይታወቃል። ኮሚቴያችን ይህንኑ መልካም ሥርዓት ለበረዶ ማሽኑም ስላዋለው፣ ማሽኑ በንብረት ክፍሉ ኃላፊ በአቶ ሳህሉ ጋራዥ፣ ያለ እሷ ሞተሩ የማይነሣው ጣት የምታህል የፕላስቲክ ቁልፍ በእርስዎ ኪስ፣ ሞተሩን ያለ ጉልበት በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው ገመድ ደግሞ ላንግሊ ፓርክ ድረስ ርቆ በአቶ ዓብዩ ቤት ይቀመጣሉ። በዚህ ጥንቃቄ የተነሣ ባለፈው ታኅሣሥ ያ ሁሉ በረዶ ሲወርድ ማሽኑን ማንም ሊሰርቀው አልቻለም። ማንም ሊጠቀምበትም አልቻለም፤ ቁልፏ ከእርስዎ ጋር ለሠርግ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ሠርጉ ደስ የሚል እንደ ነበር ሰምቻለሁ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማል።

እንደሚያውቁት ባለቤቴ ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ቫን መጥቶ ይወስዳትና አራት ሰዓት ሙሉ ደሟ በማሽን ታጥቦ ይመለስላታል። አንድ ቀን ሲዘለል እግሯ ያብጣል። ሁለት ቀን ሲዘለል ትንፋሿ ያጥራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሐኪሞቹ ሲነግሩን እጃቸውን አጣምረው ወደ መሬት እያዩ ነው። ስለዚህ አርብ ጥር 28 ቀን ከባድ በረዶ እንደሚመጣ ቴሌቪዥኑ ሲለፍፍ፣ እኔ እንደ ሌላው ሰው ዳቦና ወተት ልገዛ አልሮጥኩም፤ ፎርም ሞልቼ፣ ቁልፏን ከባለቤትዎ ተቀብዬ፣ ማሽኑን ከአቶ ሳህሉ ጋራዥ እየገፋሁ ቤቴ አመጣሁ። የታንኩን ክዳን ከፍቼም አየሁ። እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ደንብ የሚያከብር እድር አባል በመሆኔ ልቤ ኮራ። አስነሥቼ ልሞክረው አሰብኩና፣ ያለ በረዶ የእድር ቤንዚን ማባከን ነውር ነው ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ በረዶው ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ዋለ፤ የእጥበት ማዕከሉም ተዘጋ። እሑድ ጠዋት በሩን ስከፍት በረዶው ከወገቤ ጥቂት ነው የሚጎድለው። ማዕከሉ ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ቢያደርሷት እንቀበላታለን አለን፤ ማክሰኞ ማታ ሌላ በረዶ ይመጣል ስለ ተባለ ሰኞ ካመለጣት የሚቀጥለው መቼ እንደሚሆን አልታወቀም። የድንገተኛ ጥሪ የተቀበለችው ሴትም በትሕትና፣ መኪናችን የተጠረገው ዋናው መንገድ ድረስ ይመጣል፣ ከዚያ እስከ ቤታችሁ ያለውን ግን እናንተ ክፈቱልን አለችኝ። ከቤቴ በር እስከ ዋናው መንገድ መቶ ሠላሳ እርምጃ ነው። ማሽኑ ቢነሣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር።

ቁልፏን ሰካሁ፣ የቤንዚን መክፈቻውን ከፈትኩ፣ የላስቲክ መጭመቂያውን ሦስት ጊዜ ተጫንኩ፣ ገመዱን ጎተትኩ። ማሽኑ አንድ ጊዜ እንደ ማስነጠስ ብሎ ዝም አለ። ደግሜ ጎተትኩ። እንደ እግዚኦታ እየቆጠርኩ አርባ አንድ ጊዜ ጎተትኩ፤ አንድም ጊዜ አልተማረልኝም። ትከሻዬ ቦታውን የለቀቀ መሰለኝ። ለአቶ ሳህሉ ደወልኩላቸው፤ እንደ ወትሯቸው በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ የአየር መዝጊያውን ቾክ ፉል ያድርጉትና ይጎትቱ፤ ካልሆነ ሃፍ ያድርጉት፤ እሱም እምቢ ካለ ትንሽ ረስት ያድርጉት» አሉኝ። ማሽኑ ከአምናው መጋቢት ጀምሮ ረስት ሲያደርግ እንደ ከረመ መናገር ነውር መሰለኝና አመስግኜ ዘጋሁ። አቶ ዓብዩ ደግሞ፣ «ፍለድ አድርገኸዋል፤ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ካንዴላውን አውጥተህ ጥረገው» አሉ። አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ መለስኩ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ሊያመጡልኝ ፈልገው ነበር፤ የሳቸው መኪና ግን ከነጣሪያው ተቀብሮ ነበር።

የልጃችን የቤዛዊት ድምፅ ነው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው። አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ ነው የምትኖረው፤ እሷም ከአፓርትመንቷ መውጫ አልነበራትም። በየአሥር ደቂቃው ትደውላለች። ከኢንተርኔት አንብባ አንብባ፣ «ዳድ፣ ጋዙ የመቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ሰፈር በሙሉ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም በኩራት፣ ከአምናው መጋቢት ጀምሮ ሙሉ ነው አልኳት። በቀስታ፣ «ኦ፣ ዳድ» አለች። ቤንዚን ከሁለት ሦስት ወር በላይ ሲቀመጥ ይበላሻል፣ ሲደርቅ ካርቡራተሩን እንደ ሙጫ ይደፍነዋል፣ ካልተፈታና ካልታጠበ በቀር ከእንግዲህ ሺህ ጊዜ ብትጎትተው አይነሣም አለችኝ። እናቷ ከውስጥ በመስኮት ታየኛለች። ፊቷ ማበጥ ጀምሯል። ከመስታወቱ ጀርባ እጇን አንሥታ፣ ተወው፣ ግባ፣ ይበርድሃል አለችኝ። ክቡር ሊቀመንበር፣ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር ሲቸግረኝ የማደርገው አላጣም ነበር። ያን ዕለት ግን አጣሁ። ማሽኑ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ አስቸኳይ ስብሰባው አመሰግናለሁ። አንቀጽ አሥራ ሁለት የእድሩን ንብረት ያለ ኮሚቴው ፈቃድ መፍታት ስለሚከለክል፣ እኔም ብፈታው ምኑን ከምኑ እንደምለይ ስለማላውቅ፣ እርስዎ እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ በኮንፈረንስ ኮል ስብሰባ ጠሩልኝ። ምልዓተ ጉባኤ እስኪሟላ ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። አናንዴል ያሉት አባል ስልካቸውን ሚዩት ስላላደረጉ ውይይቱን የተከታተልነው ከቴሌቪዥናቸው ጋር ነው። አንዱ የማሽኑ ዋራንቲ እንዲታይ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሌላው ደግሞ በረዶው ሲቀልጥ ሰልፉ እንዳይበዛ ከወዲሁ ተራ ይውጣ አሉ። በመጨረሻ ሦስት ሰዎች ያሉበት የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሐሙስ ሪፖርት እንዲያቀርብ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እርስዎም ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ከልብ አዝነው፣ «አቶ አምሃ፣ የወይዘሮ የዓለምዘርፍ ስም በቤተሰብ ፎርሙ ላይ ከነአባቷ በትክክል ሰፍሯል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አሟልቼ እንደ ሞላሁት ነገርኩዎ። «አይዞህ፣ እኛ አለን» አሉኝ። መኖራችሁን አልተጠራጠርኩም። የዚህ እድር አባል ቢሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ አዳራሹ ይያዛል፣ መቶ ሃያ ወንበር ይዘረጋል፣ ወጡ ይደርሳል። ያን ዕለት የእኛ ችግር ሴትዮዋ አለመሞቷ ብቻ ነበር።

አራተኛ፣ ኮሚቴው ስለ አቶ ከሊፋና ስለ ወይዘሮ ሉባባ ጉዳይ ላሳየው ጥልቅ ጥናት አመሰግናለሁ። እነዚህ ከፊት ለፊቴ የሚኖሩ የደሴ ሰዎች እድራችን ለመግባት ካመለከቱ አሥራ አራት ወር ሆኗቸዋል። ፎርሙ ላይ «የንስሐ አባት ስም» የሚለውን መስመር ባዶ ስለ ተዉት ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው። ደሴ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ እድር ይቀባበር እንደ ነበር ቢነግሯችሁም፣ ዊሎው ሂል ደሴ አይደለምና ጥናቱ እንዲቀጥል ወስናችኋል። አባል ባለመሆናቸው ስብሰባውን አልሰሙም፤ ስለዚህ ሐሙስን መጠበቅ እንዳለባቸው አላወቁም። አርባ አንድ ጊዜ ስጎትት በመስኮታቸው አይተውኝ ነበርና፣ ስብሰባው እንዳበቃ አቶ ከሊፋ ሁለት አካፋ ይዘው ወጡ። ሁለተኛውን አካፋ ለእኔ ሰጡኝ። ትከሻዬ እንቢ ሲል ወይዘሮ ሉባባ አካፋዬን ተቀበሉኝ፣ እኔ ደግሞ በሳቸው የዳቦ መጋገሪያ ትሪ ቀጠልኩ። እስኪመሽ ቆፈርን፤ ሰኞ ሲነጋ ደግሞ ጀመርን። ለምን እንደሚደክሙልኝ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አቶ ከሊፋ፣ «ጋሼ አምሃ፣ ወሬውን ሲያልቅ» አሉኝ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ዋናው ጎዳና ደረሰ። ባለቤቴ ግን መራመድ አልቻለችም። ትንፋሿ አጭር፣ ከንፈሯ የተለወጠ፣ ዓይኗ ስልም ስልም የሚል ነበር። ቤዝመንቴ ውስጥ ከባለፈው አርባ የተረፉ አሥራ ሁለት የእድሩ ወንበሮች ነበሩ። አንዱን ዘረጋን፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለን አስቀመጥናት፣ በነጠላ አሰርናት፣ አቶ ከሊፋ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን አነሣናት። ከወንበሩ ጀርባ «ዊሎው ሂል መረዳጃ እድር — ለለቅሶ ብቻ» የሚለውን ጽሑፍ መቶ ሠላሳ እርምጃ ሙሉ ከአፍንጫዬ ሥር አነበብኩት። መሐል መንገድ ላይ አንድ እግሩ በረዶ ውስጥ ሰጥሞ ተጣመመ። ያ ነው ሁለተኛው ጥፋቴ። ባለቤቴ በዚያ ትንፋሽ፣ «ለለቅሶው ወንበር ከለቀስተኛው ቀድሜ ደረስኩ» ብላ ለመሳቅ ሞከረች። ወይዘሮ ሉባባ ከኋላ ሲያለቅሱ ሰማሁ።

አምቡላንሱ ወሰዳት። ከእጥበት ማዕከሉ ይልቅ ሆስፒታል ይሻላል ብለው ዘጠኝ ቀን አስተኟት። ዶክተሩ ደሟ ውስጥ የተጠራቀመው ፖታሲየም ልቧን ሊያቆም ምን ያህል እንደ ቀረበ በሰዓት ቆጥሮ ነገረኝ። ስንት ሰዓት እንደ ሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈው ሌሊት እንደገና አነበዋለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ጥየቃችሁ አመሰግናለሁ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ኮሚቴው በሙሉ ሆስፒታል ድረስ መጥታችሁ ሁለት ትልልቅ ቅርጫት ሙዝና ብርቱካን አምጥታችኋል። የኩላሊት ታማሚ ከሁሉ በላይ ከሚከለከላቸው ፍሬዎች መካከል ሙዝና ብርቱካን አሉ፤ ያለባቸው ደግሞ ያው ልቧን ሊያቆመው የነበረው ፖታሲየም ነው። ነርሷ ቅርጫቶቹን ከክፍሉ ስታወጣ እንዳይከፋችሁ ብዬ እኔው እየበላሁ ሸኘኋችሁ።

ስለ ደረሰብን ሁሉ እናንተን ብቻ ብወቅስ ግን ሐሰተኛ እሆናለሁ። እዚህ ላይ ምስጋናዬን ላቋርጥና አንድ ነገር ልናዘዝ።

መጋቢት ውስጥ ማሽኑን ያለ ኮሚቴው ፈቃድ፣ አንቀጽ አሥራ ሁለትን ጥሼ፣ ትንንሽ ሞተሮች ወደሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ወሰድኩት። ካርቡራተሩን ፈትተው ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጽዋ አሳዩኝ። ውስጧ እንደ ቆየ ማር የረጋ ቢጫ ነገር ተጋግሮባት ነበር። መርፌ የማታስገባው ቀዳዳ ተደፍኗል። ሽማግሌው ጠርገው፣ አዲስ ቤንዚን ጠብ አድርገው፣ ገመዱን አንድ ጊዜ ብቻ ጎተቱ። ተነሣ። በአንድ ጊዜ! ከዚያ ሽማግሌው፣ ብርዱ ሲያበቃ ቤንዚኑን አፍስሰህ፣ የቀረውን ሞተሩ እስኪጠፋ አስነድደህ፣ ባዶውን አስቀምጠው፤ ይህን ያህል ቤንዚን ሞልቶ ያስቀመጠው ሰው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ።

መልሱ በአቶ ሳህሉ መዝገብ ላይ አለ። አምና መጋቢት ማሽኑን የመጨረሻ የመለሰው ተዋሽ አባል ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ አምሃ ገላው ነው። ቤንዚኑ አፉ ላይ ደርሶ ጠብ እስኪል ሞላሁት፤ የፈሰሰውንም በገዛ መሐረቤ ጠረግሁት። አቶ ሳህሉ ታንኩን ከፍተው አይተው፣ «ይባረኩ ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ አባል ይብዛልን» ብለው ፈረሙልኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። የባለቤቴን መንገድ አሥራ አንድ ወር ቀድሜ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በክፋት አይደለም፣ በደንባችን፣ በይሉኝታ፣ ዕቃ ባዶውን አልመልስም በማለት ነው። በዚህ ነገር ማንን እንደምከስ አላውቅም። እናቴን ልክሰሳት?

ስለዚህ ዘንድሮ ማሽኑን ሽማግሌው እንዳሉኝ አድርጌ ባዶውን መለስኩት። በሕይወቴ የሰው ዕቃ ባዶውን ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው። አቶ ሳህሉ ታንኩን ከፍተው አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ማስጠንቀቂያችሁም በሳምንቱ ደረሰኝ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንቀጽ ዘጠኝን ለውጡት። ማሽኑ ባዶውን ይመለስ፣ ቁልፏም ገመዱም እዚያው ማሽኑ ላይ ይታሰሩ፤ መሙላት ደስ የሚለው አባል ካለ በበረዶው ቀን አንድ ጀሪካን አዲስ ቤንዚን ይዞ ይምጣ። ይህን ለማጥናት ንዑስ ኮሚቴ የሚቋቋም ከሆነ፣ ሪፖርቱ የሚመጣው በረዶ ከመውረዱ በፊት እንዲሆን በእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ከልቤ ነው የምለምነው፤ ባለቤቴ አሁንም ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ትሄዳለች፣ ታኅሣሥም መምጣቱ አይቀርም፣ የእኔም ትከሻ ከእንግዲህ ገመድ አይጎትትም።

ሙሉ ታንክ ሊያስረክብዎ ባይችልም ሙሉ አክብሮቱን የማይነፍግዎ፣ ለማስጠንቀቂያዎ ደጋግሞ እጅ የሚነሣ፣

አምሃ ገላው
አባል ቁጥር 31

ማሳሰቢያ፦ የተጣመመውን የወንበር እግር አቶ ከሊፋ በመዶሻ አቅንተውልኛል፤ ወንበሩ ተወልውሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተመልሷል። ባለቤቴ ደብዳቤውን ሳነብላት፣ ወንበሩን ከተገዛበት ዓላማ ውጭ በመጠቀሟ ኮሚቴውን ይቅርታ ጠይቅልኝ፣ ለትክክለኛው አገልግሎት እንዲውል የበኩሌን ማድረጌ እንደማይቀር ንገራቸው፤ ነገር ግን የማውቀው ሰው ሁሉ አሁንም ሙሉ ታንክ እየመለሰ መንገዴን እየዘጋ ስለ ሆነ፣ እነሱ ደግሞ ከዚያ በላይ እንዳያጣድፉኝ ለምንልኝ ብላለች።